አባይ በረሃን በአይሱዙ የተሻገረችው ሞተር

ማክሰኞ፣ ከአዲስ አበባ ደጀን

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የጥቅምት ብርድ ጣት ይቆርጣል። የምሄድበት ጉዳይ ቀላል ነበር። አንድ አስመጪ የድሮ ሞተር መልክ ያላት አዲስ ሞተር ሳይክል ለገበያ አቅርቧል፤ እኔ ደግሞ በአንዲት ትንሽ መጽሔት ላይ ስለ መኪናና ሞተር የምጽፍ ሰው ነኝ። «ቢቸናና ሞጣ ድረስ ንዳት፤ እዚያ ያሉ የሞተር ወዳጆች አይተዋት ምን እንደሚሉ ጻፍልን» አለኝ አስመጪው። ቢቸናና ሞጣ የተመረጡት ያለ ነገር አይደለም። በወባ መከላከል፣ በክትባትና በግብርና ሥራ ዕድሜያቸውን ሞተር ላይ የፈጁ ሰዎች ሞልተውባቸዋል። በዚያ ላይ መንገዱ መሀል አባይ በረሃ አለ። ከወዲያ ማዶ ላለ ሰው በረሃውን ወርዳ የወጣች ሞተር ሌላ ምስክር አያስፈልጋትም።

ሞተሯ እውነትም ታምራለች። ክብ መብራት፣ ሞላላ የቤንዚን ታንከር፣ የሚያብረቀርቅ የጭስ ማርሚታ፣ እንደ ድሮዎቹ በሽቦ ራጅ የተወጠረ ጎማ። ፍቼ ቁርስ ስበላ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመው ካዩዋት በኋላ «ይህችን የመሰለች የድሮ ሞተር እንዲህ አድርጎ የያዘ ሰው ይባረክ» ብለውኝ ሄዱ። አዲስ ናት ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ ምርቃቱ ስለጣመኝ ተውኩት።

ጎሐ ጽዮን አምስት ሰዓት ገደማ ደረስኩ። ሻይ ጠጥቼ ወደ ገደሉ አፋፍ ጠጋ አልኩና ቁልቁል አየሁ። የጫኑ መኪናዎች ከታች ጉንዳን አክለው ይንፏቀቃሉ። መንገዱ እዚህም እዚያም ሰምጦ አስፋልቱ ተጨማድዷል። የኋላውን ፍሬን በእግሬ ስሞክረው ትንሽ የላላ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው፤ ልክ ይሁን አይሁን ወርጄ አላየሁትም። እርግጠኛ የሆንኩት መፍራቴን ብቻ ነው። በመጽሔታችን ላይ ስንት ዓመት «ሞተር ድፍረት ይፈልጋል» እያልኩ ጽፌያለሁ መሰላችሁ።

አንድ ቆርቆሮ የጫነ አይሱዙ ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። ሹፌሩን ጠጋ ብዬ ሞተሯን ደጀን ድረስ እንዲጭንልኝ ለመንኩት።

«ተበላሸች?» አለኝ።

«አልተበላሸችም። አዲስ ናት፤ እንዳትጎዳ ብዬ ነው።»

«ማን እንዳይጎዳ? እሷ ወይስ አንተ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። በሦስት መቶ ብር ተስማማን። ወዛደሮች ቆርቆሮው ላይ አጋድመው በገመድ አሰሯት፤ እኔ ጋቢና ገባሁ። ሹፌሩ እስከ ድልድዩ ስለ ጎማ ዋጋ ሲያማርር ሰማሁት። ድልድዩን አልፈን ወደ ደጀን ስንወጣ ሙቀቱ ቀነሰ፤ ፍርሃቴም አብሮ ቀነሰና ማፈር ጀመርኩ። ማንነቱን፣ ከደጀን ወዴት እንደሚሄድ እንኳ አልጠየቅኩትም። በቶሎ ወርጄ ከእሱ መለየት ነበር የፈለግኩት።

ደጀን ካወረዱልኝ በኋላ አሁን ስጽፈው ፊቴ የሚግልበትን ነገር አደረግኩ። ሞተሯን አፋፉ ላይ አቁሜ፣ በረሃውን ከጀርባዋ አድርጌ ፎቶ አነሳኋት። ከዚያ ተረጋግቼ ምሳዬን በላሁ።

ማክሰኞ ማታ፣ ቢቸና

ከደጀን ቢቸና ያለው መንገድ ጠጠር ነው። በግራ በቀኝ ጤፉ ደርሶ ወደ ቢጫነት እያደላ ነበር። አቧራውን ጠግቤ አሥር ሰዓት ላይ ከተማዋ ገባሁ። አስመጪው ቀደም ብሎ ስለደወለ አንድ ጋራዥ በር ላይ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ሞተሮቻቸውን ደርድረው ይጠብቁኛል። ከመሀላቸው ጋሼ አለልኝ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የወባ መከላከል ሠራተኛ። ሠላሳ ዓመት ሞተር ላይ ተቀምጠው የኖሩ ሰው መሆናቸው ከአረማመዳቸው ያስታውቃል፤ እግራቸውን ከፈት አድርገው ነው የሚራመዱት።

ሞተሯን ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞሯት። ጎንበስ ብለው ካቴናዋን ነኩ፤ ታንከሯን በጣታቸው አንኳኩ።

«ቆርቆሮዋ ሳሳ ያለ ነው» አሉ። ቀጥለው ቀና አሉና፣ «እኛ አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል ስንለፋ ኖርን፤ እናንተ አዲሱን አሮጌ አስመስላችሁ ትሸጣላችሁ?» ሲሉ ሁሉም ሳቀ።

አንዱ ኮርቻዋ ለሁለት ሰው ይመቻል አለ። ሌላው ድምጿን ሰምቶ «ይህችስ ዲያቆን ናት፤ የድሮዎቹ መሪጌታ ነበሩ» ብሎ ተሳለቀባት። አንድ መምህር ደግሞ ዝም ብሎ ሲያያት ቆይቶ፣ አባቱ እንዲህ ዓይነት መብራት ያላት ሞተር እንደነበረችው ነገረኝ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሁሉንም በማስታወሻዬ ጻፍኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ወዲያው የፈራሁት ጥያቄ መጣ። «በረሃውንስ እንዴት አደረገችው?» አለ ባለ ጋራዡ።

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ። «ሳታቃስት ወርዳ ሳታቃስት ወጣች» አልኩ።

አጨበጨቡልኝ። ጋሼ አለልኝ አላጨበጨቡም፤ ክንዴን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ዶሮ ታርዶ ጠበቀኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ለብ ያለ ውሃ በጣሳ፣ ከስሩ ሳፋ ይዘው መጡና ሊያጥቡኝ ሲንበረከኩ፣ ጋሼ አለልኝ ተቀበሏቸው።

«ተይ፣ እኔ ልጠበው። በረሃ አቋርጦ የመጣን ሰው እግር የቤቱ ጌታ ነው የሚያጥበው።»

«ኧረ ጋሼ፣ በእግዜር! እርስዎ ታላቄ ነዎት» ብዬ ተነሳሁ።

«ቁጭ በል፣ ወንድምዓለም። በሞቴ!»

ቁጭ አልኩ። ሽበታም ራሳቸውን እግሬ ሥር ደፍተው ጣቶቼን አንድ በአንድ ሲያሹልኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። በዚያች ሰዓት ብናገር የሚሰማኝ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። አልተናገርኩም። ጨርሰው እግሬን ሳም አደረጉና ወደ ማዕድ ጋበዙኝ። ዶሮው ጣፋጭ መሆኑን ያወቅኩት ጋሼ አለልኝ ሚስታቸውን ሲያመሰግኑ ሰምቼ ነው።

ረቡዕ፣ ሞጣ

በማግስቱ ጋሼ አለልኝ አሮጌ ሞተራቸውን አስነስተው ወደ ሞጣ አብረን ሄድን። የእሳቸው ትጮሃለች፣ ታጨሳለች፤ ዳገት ላይ ግን ጥላኝ ትሄድ ነበር። ጉንደ ወይን ላይ ሽሮ በላን። ለመክፈል እጄን ስሰድ ባለ ምግብ ቤቷ «ተከፍሏል» አለችኝ፤ ከፋዩ ጋሼ አለልኝ አፋቸውን እየጠረጉ ወጥተው ሞተራቸውን እየወለወሉ ነበር።

ሞጣ የጠበቁን ከቢቸናዎቹ ያነሱ ናቸው፤ ጥያቄያቸው ግን የከረረ ነው። ከሁሉም የጠመደኝ ሰይድ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ ተመድቦ ከመጣ ስድስተኛ ዓመቱ። አስመጪው በኢንተርኔት ያወጣውን ፎቶ ሁሉ በስልኩ ይዟል። ሞተሯን እንደ በሬ መረመራት፤ ጎማዋን ገፋ፣ ፍሬኗን ረገጠ፣ ከኋላ ተቀምጦ ዘለለባት።

«በረሃውን ስትወርድ በስንተኛ ማርሽ ነበርክ?»

«በሁለተኛ።»

«ፍሬኑ አልጋለም?»

«ምንም።»

«ሰው ከኋላ ቢቀመጥስ?»

«ትችለዋለች» አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ ነገሩ። አንዱን ውሸት ለማቆም ሌላ ድጋፍ እያቆምኩ ስሄድ፣ ጋሼ አለልኝ የሚርንዳቸውን ጠርሙስ በጣታቸው እያዞሩ ያዩኝ ነበር።

ሰይድ ፊቱ ሁሉ በራ። ሚስቱ ዘሃራ አዲስ አበባ አስተማሪ ናት፤ ስንት ጊዜ አመልክታ ዝውውሯ ወደ ሞጣ የተፈቀደላት በዚያው ሳምንት ነው። ቅዳሜ በአውቶቡስ ሄዶ ሞተሯን ሊገዛ፣ እሁድ ዘሃራን ከኋላ አስቀምጦ በረሃውን አቋርጦ ሊያመጣት አሰበ። «አንተ ከወረድክባት እኔም እወርድባታለሁ» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። እዚያው ፊቴ ደውሎ ነገራት። ስትስቅ በስልኩ ይሰማ ነበር።

አሁንም አልተናገርኩም። ይህን ለአንባቢ ሳልደብቅ እጽፋለሁ፤ ሁለት ነፍስ በእኔ ቃል ገደል ሊወርድ ሲሰናዳ እኔ ምሳ ጋበዝኩት።

ሐሙስ ጠዋት

መኝታ የያዝኩበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ሻይ ስጠጣ ጋሼ አለልኝ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ጤንነቴን ጠየቁኝ፤ እንቅልፍ ተኝቼ እንደሆነም ጠየቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያ ቆርቆሮ የጫነው ሹፌር የቢቸና ልጅ ነው። አንተ ደጀን ምሳ ስትበላ እሱ ቀድሞህ ገብቶ ነግሮኛል።»

የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። «ከመምጣቴ በፊት ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቁ እግሬን አጠቡኝ?»

«እንግዳ ነህ። እንግዳ ቤቴ ገብቶ አያፍርም። ደግሞ በረሃውን መፍራት ነውር አይደለም፤ እኔም ስንት ጊዜ ፈርቼው ተመልሻለሁ።» ወንበራቸውን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉ። «ማታ ትነግረዋለህ ብዬ ጠበቅኩ። የሰይድ ጉዳይ የነፍስ ነው። ዛሬ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ። ካንተ አፍ ቢሰማው ግን ይሻላል።»

ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። አላለቀስኩም ብል ሌላ ውሸት ይጨመርብኛል።

ሰይድን ያገኘሁት የእንስሳት ክሊኒኩ በር ላይ ነው። ከትናንቶቹ አራቱ አብረውት ነበሩ፤ ሊሸኙኝ የመጡ ናቸው። ለብቻው ልጠራው ፈለግኩና ተውኩት፤ የዋሸሁት በሰው ፊት ነው።

«ሰይድ፣ በረሃውን አልነዳሁም። ፈርቼ በአይሱዙ አስጭኛት ነው የተሻገርኩት። ሁለተኛ ማርሽ ያልኩህም፣ ፍሬኑ አልጋለም ያልኩህም ፈጠራ ነው።»

አንደኛው ጫማውን አየ። ሰይድ ፊቱ ቀላና፣ «ለዘሃራ እኮ ነግሬያታለሁ» አለ። ቀጥሎም፣ «እሺ፣ እውነቱስ? ፍሬኑ ይይዛል አይይዝም?»

«አላውቅም» አልኩት።

ከዚህ ሁሉ ያሳፈረኝ ይህ መልስ ነው። ሊጠይቁኝ የፈለጉትን አንድ ነገር ለማወቅ ተልኬ ሳላውቀው መጣሁ።

«እንግዲያው ስትመለስ ወርደህ እወቅና ደውልልኝ» አለኝ። እጁን ግን አልሰጠኝም። ጋሼ አለልኝ እስከ ከተማው ዳር ሸኙኝና፣ «ስትወርድ ሞተሯን በማርሽ ያዛት እንጂ ፍሬኑን ብቻ አትመን። ሽታ ከሸተተህ ቁም» ብለው ተመለሱ።

ዓርብ፣ በረሃው

ደጀን አድሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቁልቁል ጀመርኩ። ፍርሃቴ ያው ነው፤ ምንም አልቀነሰም። ሦስተኛው ጥምዝ ጋ ስደርስ የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ ሽታ መጣ። የኋላውን ፍሬን ስረግጠው እስከ ታች ገባ፤ አይዝም። ማርሽ ቀንሼ፣ በፊተኛው ፍሬን እየተለማመጥኩ ከተራራው ጥግ አስጠግቼ አቆምኳት። ጎማው መሀል ጭስ ይወጣል። የጫነ ተሳቢ አጠገቤ አልፎ ሲወርድ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ዘሃራ ከኋላዬ ተቀምጣ ቢሆን ብዬ አሰብኩና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

እስኪበርድ ጠብቄ፣ ትንሽ ወርጄ፣ ደግሞ ቆሜ፣ እንዲህ እያልኩ ድልድዩ ላይ ደረስኩ። ዳገቱን በደንብ ወጣችው፤ ለሞተሯ ፍርድ ማጓደል አልፈልግም። ጎሐ ጽዮን ስገባ አንዲት ሸቀጥ ሱቅ በር ላይ አቁሜ ለሰይድ ደወልኩ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት፦ ለአንድ ሰው በጥንቃቄ ትወርዳለች፤ ለሁለት ሰው ግን አትሆንም፤ ፍሬኑ ሳይስተካከል ዘሃራን አታስቀምጥባት።

እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «ይቅርታ አድርግልኝና፣ አሁንስ እውነት ነድተሃት ነው?» አለኝ። በትህትና ነው የጠየቀኝ።

ምን ብዬ ላሳምነው? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ስልኩን ለባለሱቋ ሰጠኋት። ሴትየዋ ግራ ገብቷት እኔንና ሞተሯን አየችና፣ «አዎ፣ ከታች ከበረሃው ነድቶ ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ አቧራ ነው የለበሰው» አለችው። እሷን አመናት። ስልኩ ተመልሶ እጄ ሲገባ ተዘግቶ ነበር።

አዲስ አበባ

ማታ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ ጽሑፉን ለአስመጪው ሳሳየው የሞተር ወዳጆቹን ቀልድና አድናቆት ወደደው፤ የፍሬኑን ነገር እንድሰርዘው፣ ደጀን አፋፍ ላይ ያነሳሁትንም ፎቶ «አባይን የተሻገረች» ብዬ እንዳወጣው ጠየቀኝ። ሁለቱንም እምቢ አልኩ። ፎቶውን አጠፋሁት፤ ጽሑፉንም አሁን እንደምታነቡት አድርጌ ጻፍኩት።

ከጉዞው ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ ሞተር ወዳድ ነኝ ከማለቴ በፊት ሞተር መንዳት እንዳለብኝ ተምሬያለሁ። ሌላውን የተማርኩት ከባለሱቋ ነው፤ ስሟን እንኳ የማላውቃት ሴት ቃል ከእኔ ቃል በልጦ ሲታመን ቆሜ ሰምቻለሁ።

ጋሼ አለልኝ በበዓል በበዓሉ ይደውሉልኛል። ሰይድ ሞተሯን ይግዛ አይግዛ፣ ዘሃራ ሞጣ በምን ትግባ፣ እሳቸውን አልጠየቅኳቸውም። የሰይድ ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ። ስንት ጊዜ አውጥቼ አይቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን ለመደወል አፍራለሁ።