ከጋዜጣው ሥር ያለው ጋዜጣ

እኔ ሰው አላምንም። ልጆቼ «አንቺ እኮ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ! በደርግ ጊዜ ናዝሬት ቢያድጉ ኖሮ እናያቸው ነበር።

ከእናቴ ጋር የምንኖረው አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። የጭቃ ግድግዳዋን እንደ ሰፈሩ ሁሉ ጋዜጣ አልብሰናታል፤ በዱቄት ሙጫ። አልጋችን አጠገብ ንጉሡ አንድ ግድብ ሲመርቁ የሚያሳይ ገጽ ነበር። እኔና ታላቅ ወንድሜ ማንበብ የለመድነው ከሱ ላይ ነው። ተጋድመን፣ እሱ «አራተኛ መስመር፣ ሁለተኛ ቃል» ይላል፣ እኔ ቃሉን እፈልጋለሁ። ስናድግ ደግሞ በዚያው ገጽ፣ ወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ እየጻፍን እንሰዳደብ ነበር።

ወንድሜ አንድ ቀን ትምህርት ቤት እንደ ሄደ ቀረ። ጓደኞቹ ተይዘዋል። እሱ ይያዝ፣ ይሙት፣ ያምልጥ የሚነግረን አጣን። መጠየቅ ራሱ ያስይዛል። እናቴ ጥቁር ልልበስ ወይስ አልልበስ እያለች ትብሰለሰላለች። ለሰው ሁሉ «አዲስ አበባ አክስቱ ጋ ነው» እንል ነበር።

የዚያን ዓመት ጳጉሜ ጎረቤታችን አንድ እቅፍ ጋዜጣ ይዛ መጣች። ከወሎ የመጣች ሴት ናት፤ ማክሰኞና ሐሙስ ቆቃ ወርዳ አሣ ታመጣና ለጾም ቀን ትሸጣለች። እትዬ እንላታለን። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር አባል ነበረች፤ ለኔ ይሄ ብቻ በቂ ነበር።

«ኧረ በአላህ፣ እኚህን ንጉሥ ሸፍኗቸው! ሰው ቢያይባችሁስ?» አለች። ሙጫውን ራሷ አማስላ ንጉሡ ላይ ትራክተር ለጠፈችባቸው። እናቴ መረቀቻት። እኔ ግን ምን አገባት? ግድግዳችንን ምን አሳያት? እያልኩ ከረምኩ።

መስቀል እንዳለፈ በበሩ ሥር የገባ ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ። ቁጥር ብቻ ነው። ሰባት ቁጥርን እንደ ወንድሜ ወገቡ ላይ የሚሰርዝ ሰው አላውቅም።

«እጁ ነው?» አለች እናቴ።

«እጁ ነው።»

«አለሁ ይላል? ምን ይላል?»

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ትራክተር! ሞኝነቴ፣ በአዲሱ ጋዜጣ ቆጠርኩት፤ «ስኳር ወደፊት ማዳበሪያ ጓዶች» የሚል ወጣልኝ። ይቺ ሴትዮ ሆን ብላ ነው የሸፈነችው አልኩ።

እሷ ደግሞ አታርፍም። በማግስቱ ብቅ አለች። «ነገ ቆቃ እወርዳለሁ። የምትልኩት ነገር የለም?»

«ቆቃ ምን ዘመድ አለንና!» አልኩ፣ እናቴን ቀድሜ።

በሳምንቱም መጣች፣ በሌላው ሳምንትም። «የሚላክ የለም?»

«ምንም የለንም፣ እትዬ።» በሩን እንኳ አልከፈትኩላትም። ወጥመድ ነው፣ ልታወጣጣን ነው ብዬ እናቴን አስፈራራኋት። ከሷ የተዋሰችውን ወንፊት ሳይቀር አስመለስኳት።

አሮጌውን ገጽ ማውጣት ነበረብኝ። ግን ግድግዳችን ከሷ ቤት ጋር የጋራ ነው፤ ብፍቅ ትሰማለች። ስለዚህ ቆቃ የምትወርድበትን ቀን እየጠበቅን መሥራት ጀመርን። እናቴ ደጃፍ ላይ ምስር እየለቀመች ትጠብቃለች፤ እኔ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ እየነከርኩ አርስና በጥፍሬ እልጣለሁ። የሴትየዋ ሙጫ የዋዛ ሙጫ እንዳይመስላችሁ! በአንድ ቀን መዳፍ የምታህል ብትነሳልኝ ነው። ከተጣደፍኩ የታችኛውም አብሮ ይቀደዳል። የተላጠውን በጋቢ እንጋርደዋለን።

በጥቅምት የመጨረሻው ሐሙስ የንጉሡ ጫማ ታየ፣ ቀጥሎ ጽሑፉ። ቁራጯን ወረቀት ይዤ ቆጠርኩ። «በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ።»

«እነማን?» አለች እናቴ።

«እሱ ነዋ፣ እማዬ! ጋዜጣው ስለ ንጉሡ የጻፈውን እንዳለ ወስዶት ነው!»

ወንድሜ ራሱን አንቱ ብሎ! እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ እልል ማለት ፈርታ አለቀሰች። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቆጠራዬን ቀጠልኩ። «መልስ ለጎረቤት።» ከሱ በታች፣ «ጥቅምት ሲፈጸም ጉዞ።»

ወንድሜ ጎረቤት ሲል ማንን ማለቱ እንደሆነ፣ ቆቃ ያለውም ማን እንደሆነ ለመረዳት ሁለተኛ ማንበብ አላስፈለገኝም። እናቴ የወንድሜን ሹራብ ከሳጥን አወጣች፣ ዳቦ ቋጠረች። እኔ ቋጠሮውን ይዤ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሮጥኩ፣ ቆቃ የሚወርድ ካገኘሁ ብዬ። እትዬ የአሣ ቅርጫቷን ተሸክማ ከአውቶቡስ ስትወርድ ደረስኩ። ሹራቡን አየችው፤ ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠች።

«ዛሬ ጠዋት ተሳፈረ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የት እንደሚሄድ ወላሂ አልነገረኝም። መልሳቸው ምንድነው ሲለኝ፣ ‹ምንም የለንም ብለዋል› አልኩት። ምን ልበለው?»

«ለምን በግልጽ አልነገርሽንም?»

«በሩን ሳትከፍቺልኝ? ካላመንሽኝ እኔስ አንቺን በምን ልመን?»

ከዚያ ወዲህ በበራችን ሥር ወረቀት አልገባም። እናቴ ጥቁር አልለበሰችም፤ ግድግዳውንም ዳግመኛ አላለበሰችውም፣ ጋቢው እንደተሰቀለበት ኖረ። እትዬ ስለ ልጇ ስትጠይቃት «በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ» ትላታለች። ይሄን ስትል እኔን አታየኝም ነበር።