ያለ ቅጠል የተጋገረ የአጃ ኬክ

ዘይቱን ቤት ውስጥ ካደረ፣ በሩን ስትከፍቺ ከሰው ቀድሞ የሚቀበልሽ እሱ ነው። ትናንት ከመርሳ ስመለስ መኪናችን ሰው ለመጫን ቆም ሲል አንዲት ልጅ በመስኮት ዘይቱን የሞላ ፌስታሏን ዘረጋችልኝ፤ ዋጋ እንኳ ሳልከራከራት ተቀበልኳት። ዛሬ ወልድያ ያለው ቤቴ መጋረጃው ሳይቀር ዘይቱን ዘይቱን ይላል። ባለቤቴ "ይህን ሁሉ ማን ሊበላው ነው?" እያለ ይዞራል። አንዳንድ ነገር ለባል አይነገርም፤ ለአንቺ ግን ልንገርሽ።

ፌስታሉን ስፈታው እህቴ መጣችብኝ። ትዝ አለችኝ ብል ያንሳል። እጅጌዋን ሰብስባ፣ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ ግንባሯ ላይ አመድ ተቀብታ መጣችብኝ። ወጥ ቤቴ መሀል ቆማ "አንቺ ልጅ፣ ዘር ዘሩን አውጪ" የምትለኝ መሰለኝ። እኔ እሷን "እቴ" ነበር የምላት። ታላቄ ናት፤ ከእኛ ቤት ሴት ልጆች እኔና እሷ ብቻ ነበርን፤ በአንድ ምንጣፍ፣ በአንድ ጋቢ ነው ያደግነው።

ቤታችን ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ወደ ግራና ከተማ በሚያስኬደው መንገድ ዳር ነበር። ከጓሮ አንድ ትልቅ የዘይቱን ዛፍ ነበረን፣ ከአጠገቡ ጥቂት ሙዝ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ወጣና ማሽላው ሊያዘረዝር ሲል ደረቀ። አባቴ አንዱን በሬ ሸጡ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው በረቱ ውስጥ ሥራ ፈቶ ቆመ፤ በአንድ በሬ ምን ይታረሳል። በሰፈራችን ትምህርት ያቆመች ሴት ልጅ የሚጠብቃት ወይ ባል ነው ወይ አረብ አገር፤ እህቴ ደግሞ ባል አልፈለገችም። "እኔ እሄዳለሁ" አለች አንድ ቀን፣ እንስራዋን ሳታወርድ። እናቴ አለቀሰች። አባቴ "እስቲ አላህ ያውቃል" ብለው ወጡ። አልተከለከለችም፣ አልተፈቀደላትም፤ ነገሩ እንዲሁ ወደፊት ሄደ።

ለፓስፖርት የሚሆን ፎቶ ልትነሳ ወልድያ ስትሄድ እኔም ተከተልኳት፤ ካልወሰድሽኝ ብዬ አለቀስኩባት እንጂ የሚወስደኝ አልነበረም። ፎቶውን ተነሥታ መኪና እስኪሞላ ስንጠብቅ አንድ ኬክ ቤት ገባን። ቡና የሚጠጣ ሰው ሞልቶበታል፤ የማሽኑ ጩኸት፣ የወተቱ እንፋሎት፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለ ነጭ መብራት። መስተዋቱ ውስጥ በክሬም ካጌጡት ኬኮች ጎን፣ ጥግ ላይ ቡናማ፣ አራት ማዕዘን፣ መሀሉን ቀይ ነገር ያስገቡበት ደረቅ ብጤ ተደርድሮ ነበር።

"ይቺ ምንድን ናት?" አለቻት እህቴ አስተናጋጇን።

"የአጃ ኬክ።"

"አጃ? የአራስ አጥሚቱ አጃ?"

ልጅቷ በሳቅ ሞተች። አንድ ገዝተን ለሁለት ተካፈልን። እህቴ ስትቆርሰው ከላዩ "ቀጭ" አለ፤ ውስጡ ደግሞ ለስላሳ፣ ጣፋጭ፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል። አሁንም ምላሴ ላይ አለ ብልሽ አልዋሽሽም። እህቴ ግን እንደ እኔ አልበላችም። አንድ ጊዜ ትቆርሳለች፣ ታያለች፣ ታሸታለች፤ ሐኪም እንጂ በላተኛ አትመስልም ነበር።

መኪና ውስጥ፣ ሲሪንቃ ከተማን አልፈን ነው ዞር ያለችልኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ያ ቀዩ ምን ነበር?"

"ማርማላታ ነዋ።"

"የእኛ ዘይቱን ማርማላታ ለመሆን ምን አነሰው?"

ከዚያ በኋላማ ማን ያስቆማት። አጃው ከደጋ የሚመጣ፣ ገበያ የሚጠፋ ነገር አይደለም። ዘይቱኑ መሬት ወድቆ ወፍ ይበላዋል። መርሳ ላይ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር መንገደኛ በመስኮት እጁን ያወጣል፤ ፍሬ ብቻ ከሚገዛ ለምን ይህን አይገዛም? ቤት ስንደርስ አባቴ ሶላታቸውን ጨርሰው እስኪነሡ ጠብቃ ፊታቸው ተቀመጠች።

"አባ፣ አንድ ነገር ልሞክር። ይቺ ነገር ከሆነችልኝ አልሄድም።"

አባቴ ነገሩ በደንብ የገባቸው አይመስለኝም። ያቺን "አልሄድም" የምትለዋን ግን ሰምተዋል። "ይሁንልሽ" አሉ። "ከሆነልሽማ ምን ቆርጦኝ ልጄን ባህር አሻግራለሁ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአጃ ኬክ ማለት ለእኔ ኬክ አይደለም፤ እህቴ ናት። ከሆነ ትቀራለች፣ ካልሆነ ትሄዳለች። ጋቢው ለብቻዬ ሊሆን ነው እያልኩ ማታ ማታ ወደ እሷ እጠጋ ነበር።

በገበያ ቀን ከደጋ ሴቶች አጃ ገዝተን ስንመለስ ጎረቤታችን አጥር ላይ ተደግፋ "እሰይ፣ ማን ወለደ?" አለችን። "ገና ነን፣ ኬክ ልንወልድ ነው" አለቻት እህቴ። እውነትም ምጡ ከባድ ነበር።

የመጀመሪያውን ጊዜ አጃውን ወፍጮ ቤት አስፈጨነው፤ እህል ተገዝቶ የሚወሰድበት ሌላ ቦታ መኖሩን አናውቅማ። ቅቤውን ደግሞ ከእናቴ ቅል ቀዳን። የእናቴ ቅቤ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ኮሰረቱም፣ ኮረሪማውም፣ አብሹም ገብቶበት የተነጠረ። ድስቱን የሙዝ ቅጠል አልብሰን፣ ከላይም ከታችም ፍም አድርገን እንደ ድፎ ዳቦ ጋገርነው። ሲከፈት የዶሮ ወጥ ሽታ ግቢውን ሞላው። አባቴ "ቢስሚላህ" ብለው ጎረሱ፤ ቀስ ብለው አኘኩ፤ የዘይቱኑ ዘር ጥርሳቸው ውስጥ ገብቶ ጥቂት ታገላቸው። ከዚያ "ማሻ አላህ" አሉ። "ወጡ ጥሩ ነው። እንጀራው የታለ?"

እህቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። እናቴ ብቻ አልሳቀችም፤ ቅሉን አንስታ ውስጡን እያየች "ቅቤዬን ጨረሳችሁት" ትላለች።

በሚቀጥለው ጊዜ እህቴ አጃውን ራሷ ፈትጋ፣ ምጣድ ላይ አመስ አድርጋ፣ በወፍጮ ድንጋይ ሸረከተችው። ቅቤውን ያልተነጠረ ለጋ፣ ከጎረቤት አመጣን። ዘይቱኑን በስኳር ቀቅለን በወንፊት አሳለፍነው፤ ዘሩን ማስቀረት የእኔ ሥራ ነበር፣ ጣቴ እስኪቀላ። ጣዕሙ መጣ። ወላሂ፣ ከኬክ ቤቱ ቢበልጥ እንጂ አያንስም ነበር። እህቴ ግን ቁራሹን ጆሮዋ ሥር ይዛ ሰበረችው። ምንም።

"ዝም ብሏል" አለች።

ስኳር ብንጨምር ዝም። ፍሙን ብናበዛ ታቹ አረረ፣ ላዩ ዝም። "ይጣፍጥ የለ፣ ምን አደረገሽ?" ትላታለች እናቴ። "እማ፣ ይቺማ ዳቦ ናት። ዳቦ ማን ከመኪና ወርዶ ይገዛኛል?" እንዲህ እንዲህ እያልን አረብ አገር የሚልካት ደላላ ደወለ። ፓስፖርቱ ደርሷል፣ ተዘጋጂ አላት። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷን አላሳየችኝም፤ ቀጥታ ወደ ምድጃው ሄደች።

ያን ቀን ኬኩ ሲወጣ፣ ቅጠሉን ገልጣ ገልብጣ አየችው። የውስጥ ፊቱ እንደ ጤዛ ውሃ አዝሏል። በጣቷ ጠረገችው።

"እማ፣ ዳቦ ቅጠል የምናለብሰው ለምንድን ነው?"

"እንዳይደርቅ ነዋ። እንዲለሰልስ።"

"እኔ ደግሞ እንዲደርቅ ነው የምፈልገው።"

እናቴ ሲገባት ደነገጠች። "ያለ ቅጠል? ዳቦ ራቁቱን ይጋገራል እንዴ? የት አገር ታይቶ?"

"ራቁቱን ይሞክረዋ፣ እማ። አብሽሪ።"

ድስቱን ቅቤ ቀብታ ብቻ፣ ያለ ቅጠል ጋገረችው። ከሰዓት ነበር፤ ፀሐይ በበሩ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች፣ ጭሱ በብርሃኑ መሀል ቀስ ብሎ ይወጣል። ሽታው የተቀቀለ ዘይቱንና የታመሰ እህል ነው። ቆረሰችና ጆሮዋ ሥር ይዛ ሰበረችው።

ቀጭ።

እናቴ "ላ ኢላሀ ኢለላህ" አለች፤ ጠላት የመጣ ነው የሚመስለው። እኔ እህቴ ወገብ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። አባቴ ድምፃችንን ሰምተው ከውጭ ገቡ፤ ነገሩን ስንነግራቸው ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ቁጭ ብለው "እስቲ ድገሚው" አሏት። ሰበረችላቸው። "ድገሚው" አሉ እንደገና። ኬኩን ሙሉ ሊያስሰብሯት ነበር።

መርሳ መናኸሪያ ጠዋት ጠዋት ትሪ ተሸክመን መውጣት ጀመርን። የመጀመሪያ ቀን ፈራሁ፤ እህቴ ግን አንዱን በመስኮት ለአንዲት እናት ሰጥታ "ይስበሩትና ይስሙት፣ ካልወደዱት ይመልሱልኝ" አለቻቸው። ማን ይመልሳል። ሹፌሮች ሳይቀሩ ለመዱን፤ አንዱማ ከደሴ ሲመጣ ጡሩምባ እየነፋ "የቀጭቀጭ ልጆች!" ይለን ነበር። ደላላው ሲደውል እህቴ ስልኩን አይታ ሻሿ ሥር ትከተዋለች። ያን ሰሞን እንደ እኔ የተኛ የለም፤ ጀርባዋን ተደግፌ፣ ፀጉሯ ዘይቱን እየሸተተኝ።

ምን ያደርጋል፤ ዘይቱን ወራት አለው። ቅርንጫፉ ላይ የቀረው እያነሰ መጣ፤ መጨረሻ ላይ ወፍ የነካው፣ ትል የገባው ብቻ ሆነ። አባቴ ከዛፉ ሥር ቆመው ወደ ላይ እያዩ "ሲያልቅ አያምር" አሉ። ግራና ድረስ ሄደን ጠየቅን፤ የሁሉም አልቋል። እህቴ በፓፓያ ሞከረች፤ ውሃው በዛና ኬኩ እንደገና ዝም አለ። ማንጎው ገና አረንጓዴ ነበር። ትሪው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በዚያው ሳምንት ስልኩ ጮኸ፤ ደላላው ነው። እህቴ በዚያን ጊዜ ሻሿ ሥር አልከተተችውም፤ አነሳችው፤ ቪዛው ወጥቷል አላት።

አባቴ "ማንጎው እስኪደርስ ብትታገሺ?" አሏት፤ ሲለምኑ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

"ማንጎው እስኪደርስ ምን እንበላለን፣ አባ?"

አባቴ ከዘራቸውን መሬት ላይ ወዲያ ወዲህ አሉት፤ ያ ድምፅ አሁንም ይሰማኛል።

በሄደችበት ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። የመኪናው ሹፌር ያ ጡሩምባ የሚነፋው ነበር፤ ሻንጣዋን ሳያይ "ዛሬ ትሪሽስ?" አላት። "ዛሬ መንገደኛ ነኝ" አለችው። ሹፌሩ ወዲያው ገባውና አንገቱን ደፋ። እህቴ በዚያ ስንት ቀን ከታች ሆነን ወደ ላይ በምናየው መስኮት አንገቷን አውጥታ ግንባሬን ሳመችኝ። "ለሚመጣው ዘይቱን እመጣለሁ። ዛፉን እንዳያስቆርጡት" አለችኝ።

ዛፉን አላስቆረጥንም። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳፈራ መቁጠር ትቻለሁ። ኮንትራቷ ሲያልቅ ታድሳለች፤ መጀመሪያ ለበሬው፣ ቀጥሎ ለቤቱ ቆርቆሮ፣ ከዚያ ለእኔ ትምህርት። ይኸውልሽ፣ ዛሬ ቢሮ ተቀምጬ የምሠራው፣ ወልድያ ቤት ይዤ የምኖረው በእሷ ነው። "በቃሽ፣ ነይ" ስላት "ኢንሻአላህ" ትለኛለች። ያቺን ቃል በስልክ መስማት ሰልችቶኛል፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። በአካል ናፍቃኛለች።

ከሰዓት ባለቤቴ ሲወጣ ዘይቱኑን ቀቀልኩት። ኦቨን አለኝ አሁን፣ ፍም ማራገብ የለም። ዘሩን ግን እንደ ድሮው በወንፊት አስቀረሁ። ኬኩ ሲወጣ ለእህቴ ደወልኩላት፤ የምትሠራበት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች፣ ውሃ ሲፈስ ይሰማኛል።

"እቴ፣ ዘይቱን መጥቷል። ኬኩን ሠራሁት።"

ውሃውን ዘጋችው። "ስልኩን አስጠጊና ስበሪልኝ።"

አስጠጋሁና ሰበርኩት። ቀጭ።

"ቅጠል አላደረግሽበትም" አለችኝ።

"አላደረግኩበትም።"

"ድገሚው።"

ሁለተኛውን ቁራሽ አንስቼ ስልኩ አጠገብ ስይዘው ከወዲያ የአሠሪዎቿ ልጅ በአረብኛ ጠራት። በአረብኛ መለሰችለት። አረብኛ አላውቅም፤ ይህቺን አንዲት ቃል ግን ከእሷ ብዙ ጊዜ ስለሰማኋት አውቃታለሁ። "መጣሁ" ነው ያለችው።