የጥድ አፋፍ ጭስ

ልጅ ሳለሁ፣ ላፍቶ ገና ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት በነበረ ጊዜ፣ አያቴ ከቤታችን ጀርባ ባለችው የጭቃ ማድቤት ውስጥ አይቼው የማላውቀውን አገር እየደጋገመ ይነግረኝ ነበር። መብራት እንዳሻው ይመጣና ይሄድ ስለነበር የምናመሸው በኩራዝ ነው። የባሕር ዛፍ ጭስ ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ደጁ ሁሉ ጥቁር ጭቃ ነውና ሌላ መሄጃ የለም። አባቴ ከሥራ ይመለሳል፣ እናቴ ራት ታነሳለች፣ ያኔ አያቴ፣ አባባ ነው የምንለው፣ በርጩማውን ወደ ምድጃው ይስብና «ዛሬስ ከየት እንነሳ?» ይለኛል። የምንነሳው ሁልጊዜ ከታች ከምንጩ ነበር፤ የሚጠይቀኝ ለወጉ ነው።

አገሩ ጥድ አፋፍ ይባላል። ወሎ ደጋ ላይ፣ በሁለት ገደል መሃል በተጋደመ ተራራ ጀርባ ላይ የተቀመጠች ትንሽ መንደር ነበረች። አባባ ከምድጃው ዳር አመድ ይዘረጋና በጣቱ ይስልልኛል፤ እዚህ ምንጩ፣ ከምንጩ በላይ አህያ ጭነት ይዞ የማይወጣው አቀበት፣ አቀበቱ ሲያልቅ እንደ በር የቆሙ ሁለት ቋጥኞች፣ ከቋጥኞቹ ወዲያ የገብሱ ማሳ፣ ከማሳው በላይ ቤቶቹ። ቤቶቹ የድንጋይ ናቸው፤ ሌላውን ንፋሱ አያስቆመውም። ጥዱ ከስሙ በቀር ድሮ አልቋል፤ የሚነደው ኩበት ነው። ከቆላው ገበያ ሆኖ ቀና ያለ ሰው ቤቶቹ አይታዩትም፤ የሚታየው ጭሳቸው ነው። ማለዳ ጭሱ ሲነሳ ቆለኞቹ «ጥድ አፋፍ ነቃ» ይላሉ ብሎ አባባ በኩራት ይነግረኝ ነበር።

የመንደሩ ታሪክም የእሳት ታሪክ ነበር። መጀመሪያ የወጡት ከዘመድ የተጣሉ ባልና ሚስት ናቸው። ሴትዮዋ ፍም በገል ይዛ፣ አመድ አልብሳ፣ በኩታዋ ከልላ አቀበቱን ወጣች። ባልየው እዚህ እንረፍ፣ እዚያ እንረፍ ሲላት እምቢ አለች፤ ፍሙ ሊከስም ሲል የቆመችበት ቦታ ቤታቸው ሆነ። ልጆቻቸው ጎጆ ሲወጡ ፍም ከእናታቸው ምድጃ ወሰዱ፣ የልጅ ልጆቹም እንዲሁ። ክብሪት ገበያው ላይ እየተሸጠ እንኳ ጥድ አፋፍ ውስጥ ምድጃውን በክብሪት የሚለኩስ ሰው እንደ ባይተዋር ይታይ ነበር። ማታ ማታ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል፤ የጠፋበት ሰው ጎረቤቱ ዘንድ እሳት ሊጭር ይሄዳል። እሳት የጫረ ደግሞ ካስጫረው ሰው ጋር መኳረፍ አይችልም፤ የአገሩ ሕግ ነው።

ከሁሉ አብልጦ የሚደጋግምልኝ የራሱንና የታናሽ ወንድሙን የይመርን ጠብ ነው። በማሳ ድንበር ተጣልተው ክረምቱን ሙሉ ሳይነጋገሩ ከረሙ። አንድ ምሽት በረዶ ጣለ፤ ጣሪያው አፍስሶ የአባባ ምድጃ ጠፋ። ቅርቡ ቤት የይመር ነው።

«ሌላ ቤት ልሂድ ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ሳስብ፣ አባትሽ በብርድ ማልቀስ ጀመረ» ይላል አባባ።

ገሉን ይዞ ሄደ። ይመር በሩን ከፍቶ አየው፤ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ጥሩ ጥሩውን ፍም መረጠለት፣ አመድ አለበሰለት፣ ከዚያ «ይዘህ ግባ፣ ንፋስ ነው» አለው። በቃ። የድንበሩ ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። አባባ እዚህ ሲደርስ ሁሌም ፍሙን ይቆሰቁሳል፤ እኔም እሳቱን አያለሁ።

መንደሯ እንዴት ሰው እንዳጣች የነገረኝ ትንሽ ከፍ ካልኩ በኋላ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ምንጩ ደረቀ፣ ከብቱ አለቀ፤ ከብት ሲያልቅ ኩበትም አለቀና ጭሱ ከየቤቱ እየቀነሰ ሄደ። ሰው በሩን እየዘጋ ወረደ። ከፊሉ መጠለያ ጣቢያ ቀረ፣ ከፊሉ በመኪና ተጭኖ ወደ ሰፈራ ተወሰደ። ሴት አያቴ መጠለያው ውስጥ አረፈች። አባባን፣ ከድርቁ በፊት ለሥራ ከተማ ገብቶ የነበረው አባቴ ፈልጎ አግኝቶ ላፍቶ አመጣው። ይመር ግን አልወረደም። ቋጥኞቹ ድረስ ሸኝቷቸው «እሳቱን እኔ እጠብቃለሁ፤ ስትመለሱ ከእኔ ትጭራላችሁ» አላቸው።

አባባ ላፍቶ ውስጥ የሚኖረው በዚህች ቃል ነበር። አገሩ ዝናብ ካገኘ ሰንብቷል፣ መንግሥትም ተለውጧል፤ እሱ ጉልበቱ ሲመለስለት ወጥቶ ከወንድሙ እሳት ሊጭር ነው። እስከዚያው የኛን ምድጃ እንዳይጠፋ ይጠብቃል። እናቴ «አባባ፣ ክብሪት እኮ ሱቁን ሞልቶታል» ብላ ትቀልድበታለች።

«ክብሪትሽ ዘመድ የለውም» ይላታል።

ማዳፈንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ፍሙን ሰብስቢ፣ ትልቁን መሃል አድርጊው፣ አመዱን አትድፊበት፣ ሕፃን እንደምታለብሺ ቀስ ብለሽ አልብሺው ይለኛል። ጠዋት ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ ራድያ ወደ ገበያ ከመውጣቷ በፊት ከኛ እሳት ትወስዳለች። ከስልጤ የመጣች ነጋዴ ናት፤ ክብሪት አጥታ አይመስለኝም፤ አባባን ደስ እንደሚለው ገብቷት ይሆናል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ከቆላው ገበያ የመጣ በግ ነጋዴ ሀና ማርያም ሰፈር ዘመዱ ቤት አርፏል ተባለና አባቴ ሄዶ ይዞት መጣ። አባባ ጋቢውን አስተካክሎ ተቀበለው። ስለ ዝናቡ ጠየቀው፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ መንገዱ። የወንድሙን ስም ግን አልጠራም። ሰውየው ሊነሳ ሲል ብቻ «ጭስ ይታያል?» አለው።

ሰውየው ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ።

«አባቴ፣ ድርቁ ባለፈ ሰሞን ጠዋት ጠዋት አንድ ጭስ እናይ ነበር። አንዲት ብቻዋን። ኋላ እሷም ስትጠፋብን ጊዜ ወጣን። አፈር አልብሰነዋል።»

አባቴ ጮኾ አለቀሰ። ጎረቤት መጣ፣ እትዬ ራድያም መጥታ ከእናቴ ጎን ተቀመጠች። አባባ አላለቀሰም። ሲመሽ ማድቤት ገባና ተከተልኩት። ከየት እንነሳ አላለኝም። ፍሙ ሲከስም ያያል፤ አመዱን ልስብ እጄን ስዘረጋ ያዘኝ።

«ተይው ይጥፋ» አለኝ። «ለማን ብለን ነው?»

ግድግዳውን ተደግፎ ወደ መኝታው ሄደ። እኔ ቀረሁ። እሱን እምቢ ብዬ አላውቅም ነበር፤ ያን ምሽት ግን ምድጃው ከጠፋ አባባም አብሮ የሚጠፋ መሰለኝና ፈራሁ። የተረፈውን ፍም ሰበሰብኩ፣ ትልቁን መሃል አደረግኩ፣ አመዱን ቀስ ብዬ አለበስኩት።

ጠዋት እትዬ ራድያ ስትመጣ አባባ ምድጃው ፊት ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ለቅሶ ቤት መሆኑን እያወቀች ገሏን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ እሳት ልጫር መጣሁ።»

«ጠፍቷል ልጄ» አላት። እንድታምነው ብሎ አመዱን በእንጨት ገለጥ አደረገው። ፍሙ ቀልቶ ነበር።

ዞሮ አየኝ። ከትናንት ጀምሮ የያዘው እንባ ያኔ ወረደ። በእንባው ውስጥ ሆኖ ጥሩ ጥሩውን ፍም መረጠላት፣ አመድ አለበሰላት፣ ገሉን በሁለት እጁ አቀበላት።

«ይዘሽ ግቢ፣ ንፋስ ነው» አላት።

አባባ ጥድ አፋፍን ዳግም አላየውም፤ የተቀበረው ሀና ማርያም ነው። ማድቤታችን ፈርሳ ፎቅ ቆሞባታል። እኔም ዛሬ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው፤ ምድጃዬ በቁልፍ የሚበራ ነው፣ የሚዳፈን ነገር የለውም። ጥድ አፋፍን አንድም ቀን አልረገጥኩትም፤ ሆኖም ዓይኔን ስጨፍን ከምንጩ ተነስቼ፣ በቋጥኞቹ መሃል አልፌ፣ የይመር በር ድረስ ሳልሳሳት እደርሳለሁ። ይህን አገር የሚያውቅ ሌላ ሰው መኖሩን እንጃ። መብራት የጠፋ ዕለት ከፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤቴ ሻማዋን ከሻማዬ ልትለኩስ ታንኳኳለች። ለኩሼላት በእጇ ከልላ ስትሄድ «ይዘሽ ግቢ፣ ንፋስ ነው» እላታለሁ። እሷም ንፋስ የሌለበት ኮሪደር ላይ ቆም ብላ ታየኛለች።