ሦስት ቃል ከሥዕሉ ግርጌ

ከካርቱን ግርጌ የሚገባውን ጽሑፍ ለመጻፍ መጀመሪያ ሞጣ የሄድኩት ከቢቸና በሚኒባስ ነው። ቢቸና አማርኛ አስተምር ነበር፤ በልጅነቴም ቅኔ ቤት ጥቂት ዓመት ቆይቻለሁ። የሞጣው ሰይድ የሱቅ ታፔላ ጸሐፊ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ካርቱን ይሥላል። ሥዕሉ ያስቃል፤ ከግርጌው የሚጽፈው ግን አያስቅም። የጠራኝም ለዚሁ ነው።

አንድ ሥዕል አቀረበልኝ። ሐኪሙ በሽተኛውን ትቶ የገዛ ስልኩን ይመረምራል። እኔም ሰምና ወርቅ ያለው ሁለት ረጃጅም መስመር ጻፍኩ።

«መምህር፣ ቅኔው ግሩም ነው» አለኝ ሰይድ። «ግን ሰው ገብቶት እስኪስቅ ገበያው ይበተናል።»

ሰረዝኩና «ባትሪው ደክሟል፤ ይተኛ» ብዬ ጻፍኩ። ያኔ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ሥዕሉን በቴሌግራም ይልክልኛል። አሥር እጽፋለሁ፣ ዘጠኙን እሰርዛለሁ። የቀረውን ደውዬ አነብለታለሁ፤ «ምን ማለት ነው?» ካለኝ እሱም ይሰረዛል። የተስማማንበት በቻናላችን ይለቀቃል፣ በሰይድ ሱቅ መስታወት ላይም ይለጠፋል። ኔትወርክ በጠፋባቸው ወራት ወረቀቱን በሾፌር እጅ እንላላክ ነበር።

አንድ ጊዜ ሰይድ ለጉዳይ ቢቸና መጥቶ በአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ቀን ሲጠብቅ ዋለ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አልነበሩም፤ ወንበራቸው ላይ ኮታቸው ብቻ ተሰቅሏል። ተናዶ ያንኑ ሣለው፤ ክርኑ ላይ ያለችውን ቡናማ እራፊ ሳይቀር።

እራፊዋን ሳይ የአቶ መላኩ ኮት መሆኑን አወቅሁ። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። «አጥፋት» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ ሳቁ በእሷ እንደሚደምቅ ገብቶኛል። «ጉዳይዎን ለኮቱ ይንገሩ» ብዬ ጻፍኩ።

እንደዚያ የተሣቀበት ሥራ አልነበረንም። ባለጉዳይ ሁሉ አቶ መላኩን መንገድ ላይ ሲያገኝ «ለኮቱ ነግሬዋለሁ» ይላቸው ጀመር። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ።

ከወር በኋላ ባለቤታቸው አረፉ። ለካ ሆስፒታል ተኝተው ኖሯል፤ አቶ መላኩ ከሥራ እየሾለኩ የሚሄዱት እሳቸውን ሊያጎርሱ ነበር።

ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«አቶ መላኩ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«እኔስ ስቄያለሁ፤ ጥሩ አድርገው ነው የጻፉት» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሷ ግን በሰው ስልክ አየችው። ‹በእኔ ጦስ መሣቂያ ሆንክ› አለችኝ። ከዚያ በኋላ ከእጄ አልጎርስ እንዳለች ሄደች።»

ተነሥቼ ወጣሁ።

ለሰይድ ደውዬ ነገርኩት። ሥዕሉን ከቻናሉም ከመስታወቱም አነሣው።

«እራፊዋን የሣልኩት እኔ ነኝ» አለኝ።

«አንተ የማን እንደሆነች አታውቅም ነበር፤ እኔ አውቅ ነበር» አልኩት።

ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት ሠራን፤ አቶ መላኩ ግን ሰላምታዬን ቢቀበሉም ቆመው አያናግሩኝም። አሁን ሥራውን ትቼዋለሁ።

ሥራውን ለምትጀምሩ የምለው ይህ ነው፦ ሥዕሉ ላይ ያለውን ሰው ካወቃችሁት፣ ከመጻፋችሁ በፊት ሄዳችሁ አነጋግሩት።