አልጀብራ የሄደበት መንገድ

ሰቆጣ ላይ ሒሳብ ማስተማር ያደክማል፤ ደብቄው አላውቅም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ የማስረዳው በአማርኛ፣ የኋላ ወንበሮች የሚሰሙት ደግሞ በኽምጣና። አንዱ ነገር ሦስት ጊዜ ይነገራል፤ ክፍለ ጊዜው ግን ያው ነው፣ አይረዝም።

በኽምጣና የምታስረዳቸው ከፃግብጂ የመጣች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። እኔ ሰሌዳው ላይ ስለፋ እሷ ጎንበስ ብላ ለጓደኞቿ ሹክ ትላለች። ቋንቋውን ባልችልም ደብተሯን ሳይ ሁሉም በደንብ እንደገባት አውቅ ነበር። ታዲያ ያቺው ልጅ የሞዴል ፈተናውን ወደቀች። ስሌቱ አልከበዳትም፤ የእንግሊዝኛው ጥያቄ ምን እንደሚል ስትፈታ ሰዓቱ አለቀባት።

ሌሎቹ ሲወጡ ወደኋላ ቀረችና፣ «መምህር፣ ብሔራዊውን አልፈተንም። ወደ ቤቴ ልሂድ» አለችኝ።

ክው አልኩ። ሰው ማጽናናት አልችልበትም፤ ስለ አልጀብራ መቀባጠር ጀመርኩ። ቃሉ የእንግሊዝ እንዳይመስልሽ፣ ዐረብኛ ነው አልኳት። የተሰበረን ወደ ቦታው መመለስ ማለት ነው፣ ወጌሻ እንደሚያደርገው። አውሮፓውያን የዐረቦቹን መጽሐፍ ወደ ላቲን ሲተረጉሙ ቃሉን እንዳለ ወሰዱት። ከዚያ ጣልያኑ፣ ፈረንሳዩ፣ እንግሊዙ ተቀባበሉት። ስፔን ውስጥማ ወጌሻውንም በዚሁ ቃል ይጠሩት ነበር።

«አየሽ፣ እነሱም ከሰው ወስደው ነው። አንቺ በምን ታንሻለሽ?»

በጥሞና ሰማችኝ። «ታዲያ ፈተናውንም በዐረብኛ ተፈተኑ?» አለችኝ።

«ኧረ አይደለም። መጀመሪያ በላቲን ተማሩት፣ ኋላ እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው።»

«እነሱ የወሰዱት ቃሉን ብቻ ነዋ፣ መምህር። ቃሉን ብቻ መውሰድ ቢሆንማ እኔም አያቅተኝም ነበር።»

በጣም ተናደድኩ፤ በእሷ ግን አይደለም። አፌ ላይ የመጣልኝ ልመና ብቻ ነበር። «ቢሆንም ተፈተኝ፣ እባክሽ» አልኳት።

«ለእርስዎ ስል እፈተናለሁ» አለችና ወጣች።

ተፈተነች። አላለፈችም።

ዘንድሮ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ አልጀብራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ታሪኩን ከነመንገዱ አውቀዋለሁ፤ ድሮ ቢሆን ደስ እያለኝ አወራው ነበር።

«የትምህርቱ ስም ነው፤ ጻፉ» አልኩና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።