ሥዕሏ የያዘችው ጠርዝ

እንጅባራ ጤና ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ስቀጠር የተሰጠኝ ኮምፒውተር ከእኔ በፊት የነበረችው ጸሐፊ ትታው የሄደችው ነው። እሷ ወደ ግምጃ ቤት ተዛውራለች። ስክሪኑን በእጇ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ይሸፍነዋል። ዳንቴሉን ገልጬ ስከፍተው በቀኙ ጠርዝ፣ ከላይ እስከ ታች፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ትታያለች። አገሬ ጎባ ነው። ጭጋጉ እስከ ረፋድ በማይነሣበት በእንጅባራ፣ ጠዋት ቢሮ ስገባ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ፊት የእሷ ብቻ ነበር። ተሳልሜ ሥራ እጀምራለሁ።

ኮምፒውተሩ ግን አንድ አመል ነበረው። ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን ለማየት አንዱን ገጽ በማውስ ይዤ ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ስገፋ፣ ስክሪኑን እኩል ተካፍለው መሙላት ሲገባቸው የቀኙ ዳር ሳይደርስ ይቆማል፤ ሁለቱም ይጠባሉ። አርጅቶ ነው ብዬ ተውኩት። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደብዳቤ ብቻ ስለምጽፍ አልቸገረኝም።

የቸገረኝ የአባቴ ሙት ዓመት ሲደርስ ነው። ለአርባው ፈቃድ አጥቼ ቀርቼ ነበር። አሁን ፈቃዱ ተፈርሟል፤ የማለዳው አውቶቡስ ትኬት ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ እናቴም «ጠላው ተጠንስሷል፣ አንቺን ነው የምንጠብቀው» ብላኛለች። ኃላፊዬ ግን ከመሄዴ በፊት አንድ ሥራ እንዳስረክብ አዘዘኝ፤ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ በአውንግኛ ተዘጋጅቶ ለእናቶች የሚታደል የሕፃናት ክትባት ጽሑፍ። እኔ አውንግኛ አልችልም። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ሁለቱን አስተያይተው ልክ ነው ካላሉ ወደ ማተሚያ ቤት አይሄድም። የቢሮው ፕሪንተር ደግሞ ቀለም ጨርሷል፤ ከስክሪኑ ላይ ማንበብ ግድ ሆነ።

መምህሩ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከጎኔ ተቀመጡ።

«አጉሊልኝ እስቲ፣ ልጄ። ጉንዳን ነው እንዴ የምታሳይኝ?»

አጎላሁት። የመስመሩ ጫፍ ከገጹ ውጭ ቀረ።

«የቀረውስ?»

«ወደ ጎን እየገፋሁ አሳይዎታለሁ፣ ጋሼ።»

ገፋሁት፤ መጀመሪያው ጠፋ። ጥቂት ታገሉና መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንዲህማ አይሆንም። ራሱን ሳይ ጅራቱ፣ ጅራቱን ሳይ ራሱ ይጠፋኛል። የሚከተበው ሕፃን ነው፤ ያላየሁትን አይቻለሁ አልልም።»

«ነገ ማለዳ መንገደኛ ነኝ እኮ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ፣ እግዜር ይከተልሽ። እኔ ግን አልልም።»

አልተቀየምኳቸውም፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አልልም ነበር። የስክሪኑን መጠን ለዋወጥኩ፤ ፊደሉ ተለጠጠ እንጂ ጠርዙ አልሞላም። በመጨረሻ በልቤ እየተማጸንኩ አጥፍቼ አስነሣሁት። ቸኩዬ ገጹን ብከፍተው ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ሥዕሏ ብቅ አለች። ገጹም ትልቅ ሰው እንደመጣበት ተቀማጭ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

እስከዚያ ቀን ሥዕሏ ከገጾቹ ሁሉ ኋላ የተነጠፈች ይመስለኝ ነበር። ለካ በሌላ ፕሮግራም ተይዛ፣ ማንም እንዳይደርስባት ጠርዙ ተከልሎላት ኖሯል። ግምጃ ቤት ደወልኩ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያስደረግኩት!» አለች ጸሐፊዋ። «የክስ ደብዳቤ ሁሉ ፊቷ ላይ ሲወጣባት ዝም ብዬ ልይ? የሚያውቅ ሰው ለምኜ ነው ያሠራሁት። እንዳትነኪብኝ፣ እህቴ!»

«ጽሑፉ አልነበብ ብሎን ነው።»

«ቀረብ ብሎ ማንበብ ነዋ!»

መምህሩ ድምጿን ሰምተው «ስክሪኑ ውስጥ ልግባልሽ?» አሉ። ሳቀች፤ ሐሳቧን ግን አልለወጠችም። «ነግሬሻለሁ» ብላ ዘጋችው።

የፕሮግራሙ መዝጊያ ጥግ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ። እጄ ግን ማውሱ ላይ ቀረ። ለራሴ መንገድ ብዬ እመቤቴን ከቦታዋ ላስነሣ? ሥዕሏን ሳይ አባቴ መጣብኝ። ስለቱ ሰምሮ በደብራችን ላለችው ሥዕሏ ቀይ መጋረጃ ሲያስገባ አብሬው ነበርኩ፤ ትንሽ ልጅ ነኝ። መጋረጃው ሲሳብ ከፍቶኝ «አባባ፣ ለምን ይሸፍኗታል?» አልኩት። «ማክበራቸው ነው» አለኝ። «የማናይ እኛ ነን እንጂ እሷስ ታየናለች።»

አማትቤ ዘጋሁት።

ሁለቱ ገጾች ስክሪኑን እኩል ሞሉት። መምህሩ በጣታቸው እየተከተሉ፣ አንድ ከአማርኛው አንድ ከአውንግኛው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ከመጨረሻዎቹ መስመሮች አንዱ ጫፍ ላይ ቆሙ።

«አየሽ ይህቺን? አማርኛው ዘጠኝ ወር ሲል አውንግኛው ስድስት ይላል። እዚያ ጠርዝ ላይ ተደብቃ!»

አረምነው። ሌላውን ሁሉ ጨርሰው «አሁን ልክ ነው» አሉና ጋቢያቸውን ለብሰው ተነሡ።

ወደ ግምጃ ቤት መልሼ ደወልኩ። ሥዕሏን ከገጾቹ ሁሉ ኋላ እንደማነጥፋት፣ ሥራው እንደ መጋረጃ እንደሚሆንላት ነገርኳት።

«ሥራው ሲያልቅ ትገለጣለቻ?»

«በየቀኑ።»

«እሺ እንግዲህ። ያባትሽን ነፍስ ይማር።»

ሥዕሏን እንዳልኩት ኋላ አንጥፌ ገጾቹን አንድ በአንድ ዘጋሁ። የመጨረሻው ሲነሣ እመቤታችን ስክሪኑን ሞልታ ወጣች። በጠባቡ ጠርዝ ተቆርጠው ቀርተው የነበሩት ሚካኤልና ገብርኤልም ሰይፋቸውን ይዘው ግራና ቀኟን ቆመዋል። በዚያ ቢሮ ያን ሁሉ ጊዜ ስሳለም አይቻቸው አላውቅም። ደኅና አድርሱኝ አልኳቸውና ዳንቴሉን አልብሼ ጓዜን ልሸክፍ ወጣሁ።