የአጎቴ ነጭ ጨርቅ

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በስደት አረብ አገር ሳለን፣ ሸረፊያ በሚባለው ሰፈር በራችን ላይ የአውቶማቲክ መኪናቸውን የካምቢዮ ዘይት ሲያዩ ሞተሩን ሳያጠፉ መለኪያውን መዝዘው በነጭ ጨርቅ ይጠርጉ ነበር። «ቀይ ከሆነ ደህና ነው፤ ከጠቆረ ተቃጥሏል» ይሉኝ ነበር።

አንድ ጁምዓ «ያላ፣ ጨርቅ አምጣ» ሲሉኝ ከመኪናው ኋላ ያገኘሁትን አቀበልኳቸው። ጠርገው ሲዘረጉት ለካ መካ ወስደው በዘምዘም ያጠቡት የራሳቸው ከፈን፣ ሲሞቱ የሚገነዙበት ጨርቅ ነው። ቀዩን እድፍ አይተው አልተቆጡም።

«ኸላስ፣ አሁን ከፈን ስለሌለኝ አልሞትም። ደርግ ሲወርድ ወሎ ገብቼ ሌላ እገዛለሁ» አሉ።

በወሩ ሞቱ። ከሱቅ በተገዛ ጨርቅ ከፈንናቸው። ደርግም ገና አልወረደም።

መኪናው ለእኔ ቀረ። ዘይቱን በዚያው ጨርቅ እየጠረግሁ አያለሁ፤ «ቀለሙ እንዴት ነው?» የሚለኝ የለም። የጨርቁም ንፁህ ቦታ እያለቀ ነው።